አምፖሉ እምቢ ሲል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በስልክ ስለሚታዘዙ የቤት ዕቃዎች ናቸው፤ አምፖል፣ ሶኬት፣ ካሜራ፣ የበር ሴንሰር። መጨረሻቸውም ይመሳሰላል። «ሁሉንም ሪሴት አድርጌ ከዜሮ ጀመርኩ፤ ያው ነው» ይላሉ። ሪሴት ስናደርግ ችግሩ የት እንደነበር የሚያሳየውን ፍንጭ አብረን እናጠፋለን። ስለዚህ በመልሶቻችን ሁሉ ሪሴትን ወደ መጨረሻ ገፍተነዋል። አብዛኛውን ጊዜ የተወቀሰው ዕቃ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው ከጀርባው ያለው ኃይል፣ ሲግናል ወይም አድራሻ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ የዋይፋይ ሶኬት ገዛሁ። አፑ ጥቂት ይፈልግና «መሣሪያው አልተገኘም» ብሎ ያቆማል። ስልኬ እዚያው ቦታ ላይ ኢንተርኔት ያለችግር ይጠቀማል። የይለፍ ቃሉን አምስት ጊዜ ደግሜ ጽፌዋለሁ።

መልስ፦ ስልክዎ የያዘው ሞገድና ሶኬቱ የሚሰማው ሞገድ ይለያያሉ ብለን እንጠረጥራለን። ርካሽ ከሆኑት የዋይፋይ ዕቃዎች አብዛኞቹ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚያውቁት። ዘመናዊ ራውተር ግን 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝን በአንድ ስም አዋህዶ ያቀርባል፤ ስልኩም ፈጣኑን 5 ይመርጣል። በአንዳንድ አፖች ስልኩ የኔትወርኩን ስምና የይለፍ ቃል በአየር ላይ ሲበትን ሶኬቱ ከዚያው ጆሮውን ጥሎ ይለቅማል። ስልኩ በ5 እየተናገረ ሶኬቱ በ2.4 ቢያዳምጥ አይገናኙም።

ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው 5 ጊጋኸርዙን ለ10 ደቂቃ ያጥፉት፣ ሶኬቱን ያጣምሩ፣ መልሰው ያብሩት። ከተጣመረ በኋላ ስልክዎ በየትኛው ሞገድ ላይ እንዳለ ለሶኬቱ ግድ አይሰጠውም። ራውተሩ 5ን ማጥፋት ካልፈቀደ የእንግዳ ኔትወርክ በ2.4 ብቻ ከፍቶ ማጣመር ይቻላል፤ ይህ የራሱ ጣጣ አለው፣ ከታች እናነሳዋለን።

ይህ ካልፈታው የሴኩሪቲውን ዓይነት ይዩ። ራውተሩ «ደብሊውፒኤ 3 ብቻ» (ደብሊውፒኤ የዋይፋይን ግንኙነት የሚጠብቅ ስልት ነው) ላይ ከተቀመጠ የቆዩና ርካሽ ዕቃዎች አይገቡም። ወደ ደብሊውፒኤ 2 ይመልሱት። የ2 እና የ3 ቅልቅል የሚለውም ምርጫ አንዳንዱን ዕቃ ያደናግራል፤ ስለዚህ ለሙከራ ንጹሑን 2 ይምረጡ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ቻናል። 2.4 ጊጋኸርዝ ከ1 እስከ 13 የሚቆጠሩ ቻናሎች አሉት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት እስከ 11 ብቻ ነው። ራውተሩ «አውቶ» ላይ ሆኖ ሌሊት 12ን ወይም 13ን ከመረጠ ትናንት ሲሠራ ያደረ ሶኬት ጠዋት ኔትወርኩን ጨርሶ አያየውም። ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ቆልፉት። ስፋቱንም 20 ሜጋኸርዝ አድርጉት፤ 40 የሚለው ምርጫ የሚያመጣው ፍጥነት ለሶኬት አይጠቅምም፣ ጎረቤት ሞገድ ላይ ግን ይረግጣል።

የኔትወርኩን ስም በአማርኛ ለጻፋችሁ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። የኔትወርክ ስም ከ32 ባይት መብለጥ አይችልም። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 10 ፊደል ሲሞላ 30 ባይት ሄደ ማለት ነው። ስልክ ይህን ያነባል፤ ብዙ ርካሽ ሶኬት ግን ይንተባተባል። የይለፍ ቃሉ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ በደብሊውፒኤ 2 ከ8 እስከ 63 የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ስሙን አጭር፣ ያለ ክፍት ቦታና ያለ ልዩ ምልክት አድርጉት።

አንዳንዱ ሶኬት ሲጣመር የራሱን ጊዜያዊ ኔትወርክ ይከፍትና ስልክዎን ወደዚያ ይጠራል። ስልኩ እዚያ ኢንተርኔት ስለማያገኝ ሳይነግርዎ ወደ ሞባይል ዳታ ይሸሻል፤ ማጣመሩም መሃል ላይ ይቋረጣል። ሞባይል ዳታውንና ቪፒኤኑን ያጥፉ። በአንድሮይድ ለአፑ የቦታ ፈቃድ ይስጡት፤ በአይፎን ደግሞ «ሎካል ኔትወርክ» የሚለውን ፈቃድ ሴቲንግ ውስጥ ያብሩለት። የመጀመሪያ ቀን «አትፍቀድ» የሚለውን ተጭነው ከሆነ አፑ ዳግመኛ አይጠይቅዎትም፤ ዝም ብሎ «አልተገኘም» ይላል።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ግማሹ ዕቃ «ኦፍላይን» ይላል። አንዳንዱ አምፖል ደግሞ ብልጭ ድርግም እያለ እንደ አዲስ ካልተጣመርኩ ይላል። መሰላል መውጣት ሰለቸኝ።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ብልጭ ድርግም የሚለውን እናስቀድም። አምፖል የሪሴት ቁልፍ ስለሌለው ብዙ አምራቾች ማብሪያውን ከ3 እስከ 6 ጊዜ በተከታታይ ማብራትና ማጥፋትን የሪሴት ትእዛዝ አድርገውታል። መብራት ሲመለስ ደግሞ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ እያለ ነው የሚረጋው። አምፖሉ ይህን ከጣትዎ መለየት አይችልም። የታዘዘ ይመስለውና የሚያውቀውን ሁሉ ረስቶ አዲስ ጌታ ይጠብቃል። መድኃኒቱ መብራት ሲጠፋ የአምፖሎቹን ብሬከር መጣልና ከተመለሰ 5 ደቂቃ ያህል ሲረጋ ማንሳት ነው። አፑ ውስጥ ሪሴቱን የሚቆልፍ ምርጫ ካለ ያብሩት። «ኃይል ሲመለስ» ከሚለው ሴቲንግ «የቀድሞው ሁኔታ» የሚለውን መምረጥ ደግሞ ቢያንስ ሌሊት ቤቱ ሁሉ ቦግ እንዳይል ያደርጋል።

«ኦፍላይን» የሚሉት ጉዳይ የሩጫ ነው። አምፖልና ሶኬት በጥቂት ሰከንድ ይነሳሉ፤ ራውተር 2 ወይም 3 ደቂቃ ይፈልጋል። ቀድሞ የነቃው ዕቃ ኔትወርኩን ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ከጥቂት ሙከራ በኋላ አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ይተኛል። ራውተሩ ከተነሳ በኋላ የዕቃውን ኃይል ለ10 ሰከንድ አጥፍቶ ማብራት ይበቃዋል። ሪሴት አያስፈልገውም።

እንደዚያም ሆኖ አንዳንዱ ካልተመለሰ ወደ አድራሻ እንሂድ። ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ አይፒ አድራሻ ያድላል። የአንዳንዱ ራውተር የእደላ ክልል 50 አድራሻ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.149። ሦስት ስልክ፣ ሁለት ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ሃምሳ አምፖልና ሶኬት ሲደመር ክልሉ ሞልቶ ይፈሳል። አድራሻ ያጣ ዕቃ ራሱ ለራሱ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ሊሰጥ ይችላል። በዕቃው መረጃ ገጽ ላይ እነዚህን ቁጥሮች ካዩ ከራውተሩ ጋር እንዳልተነጋገረ ይወቁ። ክልሉን ከ192.168.1.50 እስከ 192.168.1.250 ያስፉት፤ 201 አድራሻ ይሆናል።

ሌላው የአድራሻ ጠብ ነው። አንዳንድ ራውተር ለማን ምን እንደሰጠ የሚያስታውሰው እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው። ሲነሳ 192.168.1.105ን ለአዲስ ሶኬት ይሰጣል፤ በባትሪ የቆየው ሃብ (ዕቃዎቹን የሚያስተባብረው ሳጥን) ደግሞ ያንኑ አድራሻ እንደያዘ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይጠፋል፣ በደቂቃዎች ልዩነትም ይፈራረቃሉ። ለሃብ፣ ለካሜራና ለፕሪንተር በራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ ያስይዙ። ማስያዙ የሚሠራው በዕቃው ማክ አድራሻ፣ ማለትም በራሱ መለያ ቁጥር ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከዕቃው ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል፣ 12 ፊደልና ቁጥር ነው። አድራሻውን ዕቃው ራሱ ላይ በእጅ ከመጻፍ ራውተሩ ላይ ማስያዝ ይሻላል፤ ዝርዝሩ አንድ ቦታ ይገኛል።

ራውተሩ ጨርሶ እንዳይጠፋ ከፈለጉ ትንሽ የዲሲ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን ይበቃል። ስሌቱን እናሳይ። የራውተሩ አስማሚ ላይ 12 ቮልት 1 አምፒር ተብሎ ከተጻፈ ቢበዛ 12 ዋት ይወስዳል። ለ4 ሰዓት 48 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ በመለወጥ የሚባክነውን ስንጨምር 60 ዋት ሰዓት እንበል። ሻጮች ግን የሚጽፉት በሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ ያውም በባትሪው 3.7 ቮልት። 8,000 የሚል ዩፒኤስ 8 ሲባዛ በ3.7፣ 30 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ይህን ራውተር 2 ሰዓት ያህል ያቆያል፤ ለ4 ሰዓት 16,000 ያስፈልግዎታል። ሞደሙ ወይም የፋይበሩ ሳጥን ለብቻው ከሆነ የእሱንም ዋት ይደምሩ። ከመሰካትዎ በፊት ቮልቱን፣ የፕላስና የማይነስ አቀማመጡን፣ የመሰኪያውንም ስፋት ያመሳክሩ። 5.5 በ2.1 እና 5.5 በ2.5 ሚሊሜትር የሆኑት መሰኪያዎች ለዓይን አንድ ናቸው፤ ያልገጠመው ግን ይላላና ራውተሩ ንክች ባደረጉት ቁጥር ይጠፋል።

ጥያቄ፦ የምጠቀመው የዚግቢ (ከዋይፋይ የተለየ፣ ለትናንሽ የቤት ዕቃዎች የተሠራ የሬዲዮ ግንኙነት) ሴንሰሮች ነው። አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ዩኤስቢ አንቴና ሰክቼ በእሱ አዛቸዋለሁ። የሩቅ ክፍል ሴንሰሮች በየሁለት ቀኑ ይጠፋሉ። አንቴናውን በውድ ቀየርኩት፤ ለውጥ የለም።

መልስ፦ አንቴናውን ከመቀየርዎ በፊት ጽፈውልን ቢሆን ገንዘብዎ በተረፈ ነበር። መጀመሪያ የተሰካበትን ቀዳዳ ይዩ፤ ውስጡ ሰማያዊ ከሆነ ዩኤስቢ 3 ነው። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ይረጫል፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ጽሑፍ በልኬት አሳይቶታል። ከጎኑ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ካለ ይብሳል። የአንቴናው ጆሮ በዚያ ጫጫታ ስለሚሞላ የሩቁን ሴንሰር ሹክሹክታ አይሰማም። አንቴናውን ከ1 እስከ 2 ሜትር በሚረዝም የዩኤስቢ 2 ማራዘሚያ አድርገው ከኮምፒውተሩ፣ ከዲስኩና ከራውተሩ ያርቁት። ከብረት መደርደሪያም ያውጡት። ከብዙ ችግር የሚያድነው ይህ ተራ ገመድ ነው፤ ሌላ ምንም ሳይነኩ ይህን ብቻ አድርገው ሁለት ቀን ይጠብቁ።

ቀጥሎ ቻናል። ዚግቢና ዋይፋይ አንድ ሰፈር ነው የሚኖሩት። የዚግቢ ቻናሎች ከ11 እስከ 26 ይቆጠራሉ፤ ቁጥሩ ከዋይፋይ ቻናል ቁጥር ጋር አይገናኝም፣ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። የዋይፋይ ቻናል 1 ከ2402 እስከ 2422 ሜጋኸርዝ ይይዛል፤ ቻናል 6 ከ2427 እስከ 2447፤ ቻናል 11 ከ2452 እስከ 2472። በመሃላቸው የሚቀሩት ስንጥቆች ላይ የሚያርፉት የዚግቢ 15 (2425)፣ 20 (2450) እና 25 (2475) ናቸው። ዋይፋይዎ 1 ላይ ከሆነ ዚግቢውን 20 ወይም 25 ያድርጉት፤ 11 ላይ ከሆነ 15 ይስማማዋል። 26ን አንመክርም፤ አንዳንድ ዕቃ አያውቀውም፣ አንዳንዱም በዚያ ቻናል ኃይሉን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ዋይፋዩ 40 ሜጋኸርዝ ስፋት ላይ ከሆነ ግን እነዚህ ስንጥቆች ይደፈናሉና መጀመሪያ ወደ 20 ያውርዱት።

ልብ ይበሉ፤ የዚግቢን ቻናል መቀየር ቀላል እርምጃ አይደለም። በኃይል የሚሠሩት ዕቃዎች ተከትለው ሊመጡ ይችላሉ፤ የባትሪዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ተኝተው ማስታወቂያው ያልፋቸዋል፣ እንደገና ማጣመር ይጠይቃሉ። ስለዚህ የዋይፋዩን ቻናል መቀየር ይቅደም፤ እሱ ማንንም አያፈናቅልም።

ሦስተኛው ምክንያት ማብሪያው ነው። በዚግቢ ኔትወርክ ከሶኬት ወይም ከአምፖል ኃይል የሚያገኝ ዕቃ የራሱን ሥራ እየሠራ የሌላውንም መልእክት ተቀብሎ ያሳልፋል። በባትሪ የሚሠራው ሴንሰር ከእነዚህ በአንዱ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። የሩቁ ክፍል ሴንሰር የተንጠለጠለው በኮሪደሩ አምፖል ላይ ከሆነና አንድ ሰው አምፖሉን በግድግዳው ማብሪያ ካጠፋው ድልድዩ ፈረሰ። አንዳንድ ሴንሰር ወዲያው ሌላ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ በሞተው አምፖል ላይ ሙጭጭ ብሎ ይቀራል። የእርስዎ «በየሁለት ቀኑ» የሚለው አነጋገር ይህን ያስጠረጥረናል። አንድ ተራ የዚግቢ ሶኬት፣ ማንም የማያጠፋው ቦታ፣ በአንቴናውና በሩቁ ክፍል መካከል ይስኩ። ከዚያ ሴንሰሩን በሚቀመጥበት ቦታ ላይ እንዳለ ያጣምሩት። አንቴናው አጠገብ አጣምረው ወስደው ቢያስቀምጡት የመጀመሪያውን ጌታውን ይዞ ሊቀር ይችላል። ኒውትራል (የመመለሻውን ሽቦ) የማይፈልጉ የግድግዳ ማብሪያዎች ደግሞ አብዛኞቹ መልእክት አያሳልፉም፤ እነሱን እንደ ድልድይ አይቁጠሯቸው።

ጥያቄ፦ ማብሪያውን በስማርት ማብሪያ ቀየርኩት። አምፖሉ ጠፍቶም ፈዘዝ ብሎ ይበራል፤ አንዳንዴም ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ ኒውትራል የሌለው ማብሪያ ነው የገዙት። ራሱን ለማቆየት የሚያስፈልገውን ትንሽ ኃይል በአምፖሉ በኩል ያሳልፋል፤ የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ይህን አያስተውለውም፣ ኤልኢዲ ግን ይበራበታል። ከማብሪያው ጋር የሚሸጥ ወይም ለብቻው የሚገኝ ማለፊያ ኮንደንሰር አለ። እሱን አምፖሉ ጋ፣ በፌዙና በኒውትራሉ መካከል በትይዩ ያስገጥሙ። አንድ መስመር ላይ ብዙ አምፖል ቢኖርም አንድ ይበቃል። ማብሪያው ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ጭነትም ያንብቡ፤ 10 ዋት ቢል የእርስዎ አምፖል ደግሞ 5 ዋት ቢሆን መንቀጥቀጡ ይጠበቃል። ብሬከሩ ወርዶ በቴስተር ሳይረጋገጥ ገመድ አይነካም፤ የማያውቁት ከሆነ ኤሌክትሪሻን ይጥሩ። ግድግዳው ውስጥ ኒውትራል ካለ ግን ከዚህ ሁሉ ኒውትራል የሚቀበለውን ማብሪያ መግዛት ይቀላል።

ጥያቄ፦ የበር ሴንሰሩ ባትሪ 2 ዓመት ይቆያል ተብሎ ነበር። 2 ወር አልሞላውም።

መልስ፦ ሲአር2032 የሚባለው ሳንቲም ባትሪ 220 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ይይዛል። 2 ዓመት 17,520 ሰዓት ነው፤ ሲካፈል በአማካይ 12 ማይክሮአምፒር ብቻ ይደርሰዋል። በ2 ወር ካለቀ ከ150 ማይክሮአምፒር በላይ ሲጠጣ ነበር ማለት ነው። እንዲህ የሚያስጠጣው ብዙ ጊዜ ጌታውን አጥቶ በየደቂቃው መጣራቱ ነው፤ ከላይ ለዚግቢው ጠያቂ የሰጠነው መልስ ለእርስዎም ይሠራል። ሲግናሉ ሳይስተካከል ባትሪ መቀያየር ትርፍ የለውም።

ባትሪውን ሲለኩ ባዶውን አይለኩት። ያረጀ ሳንቲም ባትሪም በቴስተር 2.9 ቮልት ያሳያል። በሁለቱ ጫፎች መካከል የ300 ኦህም ሬዚስተር አድርገው ለ2 ሰከንድ ይለኩ፤ ይህ 10 ሚሊአምፒር ያህል ያስወጣዋል፣ ሴንሰሩ ሲናገር የሚጠይቀውን ዓይነት። ከ2.5 ቮልት በታች ከወረደ አልቋል። አንዳንድ ባትሪ ልጆች እንዳይውጡት መራራ ነገር ይቀባል፤ ሽፋኑ ቀጭኑን የሴንሰር ምላስ እንዳይነካ ያደርገዋልና አዲስ ባትሪ «ሞቷል» ከተባለ ጠርዙን በአልኮል ይጥረጉት። ሕፃን ሳንቲም ባትሪ ከዋጠ ግን ሳይውል ሳያድር የሚባል ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ደቂቃ ወደ ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ የግቢው ካሜራ ቀን ቀን ደህና ነው። ማታ ማታ ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ይጠፋል። ዋይፋዩ ደካማ ነው ተብዬ ማራዘሚያ ገዛሁ፤ አልረዳኝም።

መልስ፦ ዋይፋይ ሲመሽ አይደክምም። ሲመሽ የሚለወጠው የካሜራው የኢንፍራሬድ መብራት መብራቱ ነው፤ ያኔ የሚስበው ኃይል በአንዴ ይጨምራል። ገመድዎ ረጅምና ቀጭን መሆኑን እንገምታለን። ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ ያለው ሽቦ 0.08 ሚሊሜትር ካሬ ያህል ነው፤ በሜትር 0.21 ኦህም ገደማ ይቃወማል። 5 ሜትር ሲሄድና 5 ሜትር ሲመለስ 2.1 ኦህም። ካሜራው ግማሽ አምፒር ሲስብ 1 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከ5 ቮልቱ 4 እንኳ አይደርሰውም። ካሜራው ይወድቃል፣ ሲነሳ ኢንፍራሬዱን መልሶ ያበራል፣ እንደገና ይወድቃል። 0.5 ሚሊሜትር ካሬ በሆነ ሽቦ ያው ርቀት የሚያስቀረው 0.17 ቮልት ብቻ ነው። ወይ ገመዱን ያወፍሩት፣ ወይ አስማሚውን ካሜራው አጠገብ ያምጡት፤ ከዝናብ ተከልሎ። ለማረጋገጥ ግን ምንም ሳይገዙ ካሜራውን አንድ ሌሊት በ1 ሜትር ገመድ ቤት ውስጥ በጨለማ ያቆዩት። ካልወደቀ ጥፋቱ የገመዱ ነው።

ሲግናል በእርግጥ ሲደክም ደግሞ በቁጥር ይታያል። በዴሲቤል ሚሊዋት ከ‎-67 የተሻለ ከሆነ፣ ለምሳሌ ‎-55፣ ለካሜራ በቂ ነው፤ ‎-80 አካባቢ ሥዕሉ ይቆራረጣል። የ3 ዴሲቤል ለውጥ ኃይሉን በግማሽ ስለሚቀንስ ካሜራውን ወይም ራውተሩን ግማሽ ሜትር ማንቀሳቀስ አንዳንዴ ከማራዘሚያ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ አዲሱ ማተር የሚል ምልክት ያለበት አምፖል በእኔ ስልክ ይሠራል። የባለቤቴ ስልክ ግን በሌላ አፕ ሊያስገባው ሲል ኮዱ አልተቀበለም ይላል። ቴሌቪዥኑም ከስልኬ አይታይም።

መልስ፦ ማተር እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ የተለያዩ ኩባንያዎች ዕቃ በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገር የሚያደርግ ስምምነት ነው። አምፖሉ ላይ የተለጠፈው 11 አሃዝ ኮድ የሚሠራው ለመጀመሪያው ማጣመር ነው። አንዴ ከተጣመረ በኋላ በሩ ዝግ ነው፤ የሚከፈተው ከመጀመሪያው አፕ ውስጥ ነው። በእርስዎ አፕ የአምፖሉን ሴቲንግ ገብተው «አጋራ» ወይም «የማጣመሪያ ሁነታ» የሚለውን ይጫኑ፤ አዲስ ኮድ ይሰጥዎታል፤ የሚቆየው ቢበዛ 15 ደቂቃ ነው። ያንን ኮድ ባለቤትዎ ስልካቸው ላይ ያስገቡት። አምፖሉን ሪሴት አድርገው የተለጠፈውን ቢጠቀሙ ይሠራል፣ ግን ከእርስዎ አፕ ይጠፋል። ማተር በቤት ውስጥ አይፒ ቨርዥን 6ን ስለሚጠቀም ራውተሩ ላይ ይህን አጥፍተው ከሆነ ያብሩት፤ ኢንተርኔት አቅራቢው ባይሰጥዎትም ለቤት ውስጥ ግንኙነቱ ግድ የለውም።

የቴሌቪዥኑ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የእንግዳ ኔትወርክ ነው። የእንግዳ ኔትወርክ የተፈጠረው እንግዶች የቤቱን ዕቃ እንዳያዩ ነውና ሥራውን እየሠራ ነው። ዕቃዎች ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት በ224.0.0.251 አድራሻና በፖርት 5353 በሚነዛ ጥሪ ነው፤ ይህ ጥሪ ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው አይሻገርም። ስልኩንና ቴሌቪዥኑን አንድ ኔትወርክ ላይ ያድርጓቸው። አንድ ላይ ሆነውም ካልተያዩ ራውተሩ ላይ «አይሶሌሽን» የሚል፣ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚያደርግ ምርጫ በርቶ እንደሆነ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ሳሎን ያለው መብራት ሌሊት ራሱ ይበራል። ጎረቤት ጠልፎኝ ይሆን?

መልስ፦ ከጠላፊ በፊት የረሱትን አውቶሜሽን፣ ማለትም ቀድመው የቀመሩትንና ራሱ የሚፈጸመውን ትእዛዝ ይጠርጥሩ። አምፖሉ የራሱ አፕ አለው፤ የድምፅ ረዳቱም አፕ አለው፤ ሃብ ካለዎት ሦስተኛ። በአንዱ የሠሩትን ሰዓት በሌላው ሲደግሙ የመጀመሪያው አልጠፋም። በሁሉም ውስጥ የአውቶሜሽን ዝርዝሩን ከፍተው ይዩ፣ ከዚያ አንዱን ብቻ የትእዛዝ ቦታ ያድርጉና የሌላውን ይሰርዙ። የታሪክ ገጹ አምፖሉ በየትኛው ደቂቃ በማን ትእዛዝ እንደበራ ይጽፋል። መብራቱ የሚበራው ከቀመሩት ሰዓት በጥቂት ሰዓት ልዩነት ከሆነ የሃቡ የሰዓት ቀጠና ተሳስቷል። የጠፋው ኃይል ሲመለስ ነው የሚበራው ከተባለ ደግሞ ከላይ ያነሳነው «ኃይል ሲመለስ» የሚለው ሴቲንግ ነው። ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ያኔ የአፑን የይለፍ ቃል ይቀይሩና አካውንቱ ላይ የተመዘገቡትን ስልኮች ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ከውጭ የመጣ የዚ-ዌቭ መቆለፊያ ተሰጠኝ። ሃቤ ዚ-ዌቭ ነው፤ ግን አያየውም።

መልስ፦ ዚ-ዌቭ እንደ ዚግቢ የቤት ዕቃዎችን የሚያገናኝ የሬዲዮ ግንኙነት ነው፤ ግን እንደ ዋይፋይ ዓለም አቀፍ ሞገድ የለውም። ለአውሮፓ የተሠራው በ868.42 ሜጋኸርዝ፣ ለአሜሪካ የተሠራው በ908.42 ሜጋኸርዝ ይናገራል። የሃብዎንና የመቆለፊያውን ጀርባ ያንብቡ፤ ቁጥሩ ከተለያየ ሪሴትም፣ አዲስ ባትሪም፣ ማቀራረብም አያገናኛቸውም። በሩ ላይ ከመግጠምዎ በፊት ለሰጠዎት ሰው ይመልሱትና ሞገዱ ከሃብዎ ጋር አንድ በሆነው ያስቀይሩት።